በሬቪት የፊኒሺንግ ማቴሪያል አያያዝ፦ ከስም አወጣጥ እስከ ቴክኦፍ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር የአንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ሞዴል ስሠራ የውስጥ ግድግዳውን ቀለም ‹ነጭ› ብዬ ሰየምኩት። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ይሻላል ተባለና ‹ነጭ 2› ጨመርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ከሌላ ፕሮጀክት ግድግዳ ኮፒ ሲያደርግ ‹ነጭ አዲስ› የሚባል ይዞ ገባ። ሬንደሩ (ፎቶ የሚመስለው ምስል) ላይ ሦስቱም ያው ናቸው፣ አምሮብን ነበር። ቴክኦፉ፣ ማለትም ከሞዴሉ የሚወጣው የዕቃ ልክ ዝርዝር፣ ሲወጣ ግን ቀለሙ በሦስት መስመር ተበታትኖ መጣ፣ ኳንቲቲው የተሞላው ትልቁ መስመር ብቻ ታይቶ ነው፣ ከዚያ ሳይት ላይ ቀለም አለቀ። ፎርማኑ ደውሎ «ኢንጂነር፣ ይሄ ነጭ ሁለት የሚባለው ሁለተኛ እጅ ቀለም ማለት ነው ወይስ ሌላ ቀለም ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ከዚያ ወዲህ ሬቪት ውስጥ ማቴሪያልን የማየው እንደ ቀለም ቆርቆሮ ሳይሆን እንደ መጋዘን ካርድ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ስም። ማማሩ ሁለተኛ ነገር ነው። ከታች ያለው እኔ የምሄድበት መንገድ ነው፣ የትዕዛዞቹን ስም የምጽፈው በሶፍትዌሩ ላይ እንደሚነበበው ነው።

1. ሬቪትን ሳትከፍቱ ዝርዝሩን ጻፉ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ሞዴሉ ውስጥ ገብተን ግድግዳ እየሳልን «ለጊዜው ይሄን ልስጠው» እንላለን። ያ ለጊዜው የተባለ ነገር እስከ ርክክብ ድረስ እዚያው ይቀራል።

ወረቀት ወይም ኤክሴል አውጡና ሕንፃው ውስጥ የሚገባውን ፊኒሺንግ በሙሉ በኮድ ጻፉት። እኔ የምጠቀምበት ፊደል ይሄ ነው፦ ወለል ‹ወ›፣ የውስጥ ግድግዳ ‹ግ›፣ ኮርኒስ ‹ኮ›፣ የውጭ ግድግዳ ‹ው›፣ ዞኮሎ (ግድግዳው ግርጌ የሚሄደው ጠርዝ) ‹ዞ›። ቢሯችሁ በላቲን ፊደል የሚሠራ ከሆነም ችግር የለም፣ ዋናው ኮዱ መኖሩ ነው። ለምሳሌ፦

ወ-01 ፖርስሊን 60 በ60፣ ሳሎንና ኮሪደር
ወ-02 ሴራሚክ 30 በ30፣ የማያንሸራትት፣ መታጠቢያ ቤት
ግ-01 የውስጥ ሲሚንቶ ልስን
ግ-02 የውስጥ ፕላስቲክ ቀለም
ግ-03 የግድግዳ ሴራሚክ
ው-01 የውጭ ልስን
ው-02 ኳርትዝ ቀለም
ኮ-01 ጂፕሰም ቦርድ
ዞ-01 ፖርስሊን ዞኮሎ፣ 10 ሳንቲም

ልስንና ቀለም ለየብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። ቢኦኪው (የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ) ላይም ለየብቻ ነው የሚከፈሉት፣ ሠራተኛውም ሌላ ነው። የውስጥና የውጭ ልስንም እንዲሁ፣ ሁለቱም ሲሚንቶና አሸዋ ቢሆኑም የስካፎልዲንጉ ጣጣ ብቻ ዋጋቸውን ይለያየዋል።

ኮዱ ከስሙ ፊት ይምጣ። ሬቪት ማቴሪያሎችን በስም ቅደም ተከተል ስለሚደረድር ወለሎቹ በሙሉ አንድ ላይ፣ ግድግዳዎቹ በሙሉ አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ኋላ ቴክኦፍ ስታወጡ ደግሞ ይህ ፊደል እንደ ማጣሪያ ወንፊት ያገለግላችኋል፣ እዚያ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ቅንፍ፣ ቀስት ወይም የጥያቄ ምልክት አታስገቡ፣ ሬቪት አንዳንዶቹን ምልክቶች አይቀበልም። ሰረዝ ይበቃል።

2. ካርዱን መሙላት

‹ማኔጅ› ከሚለው ታብ ‹ማቴሪያልስ› የሚለውን ስትጫኑ ማቴሪያል ብራውዘር ይከፈታል። በግራ በኩል ፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉት ማቴሪያሎች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የመረጣችሁት ማቴሪያል ዝርዝር። አዲስ መፍጠር ወይም ተቀራራቢ የሆነውን በቀኝ ክሊክ ‹ዱፕሊኬት› ማድረግ ትችላላችሁ።

በቀኝ ያሉት ታቦች አምስት ናቸው፦ አይደንቲቲ፣ ግራፊክስ፣ አፒራንስ፣ ፊዚካልና ተርማል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሁሉም ማቴሪያል ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። እነሱ ለስትራክቸርና ለሙቀት ስሌት ናቸው፣ ለሴራሚክና ለቀለም ስትሉ ጊዜ አታባክኑባቸው።

አይደንቲቲ ላይ ግን ቁጭ በሉ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው። ‹ዲስክሪፕሽን› ላይ ቢኦኪው ላይ እንዲነበብ የምትፈልጉትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ‹ማርክ› ላይ ኮዱን ብቻ፣ ‹ማኑፋክቸረር› ላይ አምራቹ ከታወቀ አምራቹን፣ ‹ኮመንትስ› ላይ ደግሞ ማን መቼ እንደወሰነው። «ባለቤቱ በ12/03 ናሙና አይቶ የፈቀደው» የሚል አንድ መስመር ከስንት ክርክር እንደሚያድን የሚያውቀው የተከራከረ ነው።

‹ኮስት› የሚል ቦታም አለ። እኔ ባዶ እተወዋለሁ። የእኛ አገር የፊኒሺንግ ዋጋ በወር ስንቴ እንደሚገለባበጥ ታውቃላችሁ፣ ሞዴል ውስጥ የተቀበረ ዋጋ ማንም ሳያድሰው ያረጅና የሚታመን መስሎ ይቀመጣል። ዋጋ ኤክሴል ላይ ይሁን። ከሞዴሉ የሚፈለገው ልክ ነው።

ግራፊክስ ታብ ፕላንና ኤለቬሽን ላይ የሚታየውን ይወስናል። ‹ሼዲንግ› ተራው ባለ ቀለም እይታ ነው። ‹ሰርፌስ ፓተርን› ፊት ለፊት ሲታይ የሚወጣው መስመር፣ ‹ከት ፓተርን› ደግሞ ሲቆረጥ የሚታየው ሃች (የመስመር ሙሌት) ነው። ከ2019 ዕትም ጀምሮ ሁለቱም ፎርግራውንድና ባክግራውንድ አላቸው፣ ማለትም ከኋላ ሙሉ ቀለም ቀብታችሁ ከላዩ መስመር መጣል ይቻላል።

አፒራንስ ለሬንደር ነው። እዚህ ወጥመድ አለ፣ ሁላችንም አንድ ቀን ወድቀንበታል። ማቴሪያል ዱፕሊኬት ስታደርጉ አዲስ ስም ያገኛል እንጂ አፒራንሱ ከእናቱ ጋር እንደተጣበቀ ሊቀር ይችላል። ያኔ አዲሱን ቡናማ ስታደርጉት የድሮውም አብሮ ቡናማ ይሆናል። አፒራንስ ታቡ አናት ላይ የእጅ ምልክትና ቁጥር አለ፣ በጋራ የተያዘ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። መፍትሔው ቀለሙን ከመንካታችሁ በፊት እዚያው አጠገቡ ያለውን ‹ዱፕሊኬት ዚስ አሴት› መጫን ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

3. የሴራሚኩን መስመር በእውነተኛ ልኩ

የሬቪት ሃች ሁለት ዓይነት ነው። ‹ድራፍቲንግ› የሚባለው ወረቀት ላይ ያለውን ልክ ይጠብቃል፣ ስኬል ስትቀይሩ ሞዴሉ ላይ ያለው ርቀት ይለወጣል። ‹ሞዴል› የሚባለው ግን እውነተኛ ልክ አለው፣ 60 ሳንቲም ካላችሁት በ1 ለ50ም በ1 ለ100ም 60 ሳንቲም ነው። ለሴራሚክ፣ ለፖርስሊን፣ ለብሎኬት መስመር ሁልጊዜ ሞዴል ፓተርን ተጠቀሙ። ልስንና አርማታ ሲቆረጡ ለሚታየው ደግሞ ድራፍቲንግ ይበቃል፣ ከት ፓተርን ሌላም አይቀበልም።

‹ማኔጅ›፣ ከዚያ ‹አዲሽናል ሴቲንግስ›፣ ከዚያ ‹ፊል ፓተርንስ›። ‹ሞዴል›ን መርጣችሁ አዲስ፣ ‹ክሮስሃች›፣ ሁለቱም ርቀት 600 ሚሊ ሜትር። ስሙን ‹ፖርስሊን 60በ60› በሉትና ወ-01 ሰርፌስ ፓተርን ላይ ስጡት።

የዚህ ጥቅሙ ውበት ብቻ አይደለም። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል ውሰዱ። በ5 ሜትሩ በኩል 8 ሙሉ ሴራሚክ 4.80 ሜትር ይወስዳል፣ 20 ሳንቲም ይተርፋል። ይህን ለሁለት ግድግዳ ብታካፍሉት በየጎኑ 10 ሳንቲም የሆነ ቀጭን ቁራጭ ይመጣል፣ ለማየትም ያስጠላል ለመቁረጥም መከራ ነው። 7 ሙሉ ካደረጋችሁት ግን 80 ሳንቲም ይተርፋል፣ በየጎኑ 40። በ4 ሜትሩ በኩልም እንዲሁ፣ 6 ሙሉ ካላችሁ በየጎኑ 20፣ 5 ሙሉ ካላችሁ በየጎኑ 50። ሞዴሉ ላይ ይህን ለማስተካከል የፓተርኑን አንድ መስመር በታብ ቁልፍ እየቀያየራችሁ ምረጡና በሙቭ ግፉት፣ ወይም በአላይን ከበሩ መሐል ጋር አስተካክሉት። ሴራሚስቱ ሳይት ላይ የሚያገኘው ፕላን የመነሻ ነጥብ ያለው ከሆነ በየክፍሉ ስልክ አይደውልላችሁም።

4. ግድግዳውን በንብርብር መሥራት

ግድግዳ ምረጡ፣ ‹ኤዲት ታይፕ›፣ ‹ዱፕሊኬት›፣ ከዚያ ‹ስትራክቸር› አጠገብ ‹ኤዲት›። የሚከፈተው ሠንጠረዥ ላይ ከላይ ያለው የውጭ ጎን ነው፣ ከታች ያለው የውስጥ ጎን። ‹ኮር ባውንደሪ› በሚሉት ሁለት መስመሮች መካከል ብሎኬቱ ይቀመጣል።

የተለመደው የውጭ ግድግዳችን ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ቢሆን፣ ከላይ ው-01 2 ሳንቲም፣ መሐል ብሎኬት 20፣ ከታች ግ-01 2 ሳንቲም። ድምሩ 24። ለእያንዳንዱ ንብርብር ‹ፈንክሽን› ስጡ፦ ብሎኬቱ ‹ስትራክቸር›፣ የውጭ ልስኑ ‹ፊኒሽ 1›፣ የውስጡ ‹ፊኒሽ 2›። ከእነዚህ አጠገብ የሚታዩት ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች ግድግዳ ከግድግዳ ሲገናኝ ማን በማን ውስጥ ሰብሮ እንደሚያልፍ የሚወስኑ የቅድሚያ ቁጥሮች ናቸው። 1 ያለው ያሸንፋል። ብሎኬቱን በስህተት ፊኒሽ ካደረጋችሁት ማዕዘን ላይ ልስን ብሎኬትን ሲቆርጥ ታያላችሁ። ፕላን ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ቴክኦፍ ላይ ግን ይደመራል።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ሁሉንም ፊኒሽ አንድ ግድግዳ ውስጥ ማስገባት ይሻላል ወይስ ለብቻው ስስ ግድግዳ መሥራት?

ልስንን አብሩት። የትም ቦታ አለ፣ ለብቻው መሳል ድካም ነው። ሴራሚክን ግን ለዩት። ምክንያቱም ባለ 10፣ ባለ 15ና ባለ 20 ብሎኬት አላችሁ፣ አንዱ ጎን መኝታ ቤት ሌላው ጎን መታጠቢያ የሆነ አለ፣ ሁለቱም ጎን መታጠቢያ የሆነ አለ፣ ሴራሚኩ እስከ ኮርኒስ የሚደርስበትና 2.10 ላይ የሚቆምበት ወጥ ቤት አለ። ሁሉንም በታይፕ እሠራለሁ ካላችሁ በሦስት ቀን ውስጥ 30 የግድግዳ ታይፕ ይኖራችኋል፣ ስማቸውን ራሳችሁም አታስታውሱትም።

ስለዚህ ‹ግ-03 ሴራሚክ ልባስ› የሚባል አንድ ስስ ታይፕ ፍጠሩ፣ ሴራሚኩና ማጣበቂያው ብቻ ያለበት። ‹ሎኬሽን ላይን›ኑን ፊኒሽ ፌስ አድርጋችሁ በዋናው ግድግዳ ፊት ላይ ሳሉት፣ ቁመቱን 2.10ም በሉት 2.40 በቁጥር ስጡት። ከዚያ መረሳት የሌለበት እርምጃ፦ ‹ጆይን ጂኦሜትሪ› ብላችሁ ከዋናው ግድግዳ ጋር አገናኙት። ካልተገናኘ በሩና መስኮቱ ዋናውን ግድግዳ ብቻ ይበሱትና ሴራሚኩ በሩን ዘግቶት ይቆማል። እኔ አንድ ጊዜ 3ዲ ላይ ዞሬ ሳላይ ፒዲኤፍ ልኬ መታጠቢያ ቤቱ በር የሌለው መስሎ ሄዷል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሴራሚክ ከሚለጠፍበት ጀርባ ለቀለም የሚሆነው የመጨረሻው ልስን አይሠራም። ሞዴላችሁ ግን ከጀርባውም ልስን ይቆጥራል። ቴክኦፉ ላይ የግ-03ን ካሬ ከግ-01 መቀነስን ልማድ አድርጉት፣ አለበለዚያ አንድን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ታስከፍላላችሁ።

አርኪካድ የሚባለውን ሌላ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ሰዎች ይህ ሁሉ እናንተም ጋ አለ፣ ስሙ ነው የሚለየው። ቢልዲንግ ማቴሪያል፣ ኮምፖዚትና ሰርፌስ ብሎ ለሦስት ከፍሎታል፣ የቅድሚያ ቁጥሩም እስከ 999 ይሄዳል። ቅድሚያው የተሰጠው ለንብርብሩ ሳይሆን ለማቴሪያሉ ራሱ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከሬቪት የተሻለ አስተሳሰብ ይመስለኛል።

5. ወለል፣ ኮርኒስ፣ ዞኮሎ

ወለሉን ከስላቡ ለዩ። ስላቡ የስትራክቸሩ ሰው ሥራ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሊንክ፣ ማለትም ከሌላ ፋይል ተያይዞ ነው የሚመጣው። የእናንተ ወለል ስክሪድ (ከማልበሻው ሥር የሚገባው የሲሚንቶ ንጣፍ) እና ማልበሻ ብቻ ይኑረው፣ በየክፍሉም ለየብቻ ይሳል። ሙሉውን ፎቅ በአንድ ወለል ሸፍኖ መሄድ ፈጣን ነው፣ ግን መታጠቢያ ቤቱ ዝቅ የሚልበት 2 ሳንቲም የት ይሂድ?

ኮርኒስ እንደ ወለሉ ነው፣ ብዙ የሚባል የለውም። ዞኮሎን ‹ዎል ስዊፕ› (ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ቅርጽ) አድርጎ መሳል ይቻላል፣ ለሬንደርም ያምራል፣ ለልክ ግን የክፍሉን ዙሪያ ከሩም ስኬጁል (ከክፍሎች ሠንጠረዥ) ወስዶ የበሩን ስፋት መቀነስ ይቀላል። 4 በ5 የሆነው ክፍላችን ዙሪያው 18 ሜትር ነው፣ 90 ሳንቲም በር ሲቀነስ 17.10።

6. ቀለም በፔይንት

ቀለም ውፍረት የለውም፣ ስለዚህ ንብርብር አታድርጉት። ‹ሞዲፋይ› ታብ ላይ ‹ፔይንት› አለ፣ በኪቦርድ ፒ እና ቲ። ግ-02ን መርጣችሁ የግድግዳውን ፊት ትጫናላችሁ፣ አለቀ። የአንድ ግድግዳ ግማሽ ብቻ ሌላ ቀለም ከሆነ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ እስከ 1.50 ሜትር ዘይት ቀለም ከላይ ፕላስቲክ ሲሆን፣ መጀመሪያ በ‹ስፕሊት ፌስ› ፊቱን ከፍላችሁ ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ ቀቡ።

ፔይንት ላይ የማልወደው ነገር አለ። ግድግዳውን አጥፍታችሁ እንደገና ስትስሉት የተቀባው አብሮ ይጠፋል፣ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ስለዚህ ቀለም ቀቢ ሳይት ላይ መጨረሻ እንደሚገባው ሁሉ እናንተም ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ቀቡ። ሽሚያ አያስፈልግም።

7. የክፍሎች ፊኒሽ ሠንጠረዥ

ሩም ስትመርጡ ፕሮፐርቲስ ላይ ‹ፍሎር ፊኒሽ›፣ ‹ዎል ፊኒሽ›፣ ‹ሲሊንግ ፊኒሽ›ና ‹ቤዝ ፊኒሽ› የሚሉ ባዶ ቦታዎች አሉ። ብዙ ሰው እነዚህ ከሞዴሉ ማቴሪያል ጋር የተያያዙ ይመስሉታል። አይደሉም። ተራ ጽሑፍ ናቸው። ወለሉ ፖርስሊን ሆኖ እናንተ ‹ምንጣፍ› ብትጽፉ ሬቪት ምንም አይልም።

ስለዚህ በየክፍሉ በእጅ አትጻፉ። ‹ቪው›፣ ‹ስኬጁልስ›፣ ካቴጎሪው ‹ሩምስ›፣ ከዚያ ከታች ‹ስኬጁል ኪስ› የሚለውን ምረጡ፣ ይህ ሠንጠረዥ ኪ ስኬጁል ይባላል። አራቱን የፊኒሽ መስኮች ጨምሩና ‹መኝታ›፣ ‹መታጠቢያ›፣ ‹ወጥ ቤት›፣ ‹ኮሪደር› የሚሉ ረድፎች ፍጠሩ፣ ውስጣቸው ኮዶቹን ብቻ ጻፉ። ለመታጠቢያ ወ-02፣ ግ-03፣ ኮ-01። ከዚያ እያንዳንዱ ሩም ላይ ‹መታጠቢያ›ን መምረጥ ብቻ ነው፣ አራቱም ይሞላሉ። ኮዱ ሲቀየር አንድ ረድፍ ትነካላችሁ፣ 40 ክፍል ይስተካከላል።

ዲቴይልና ሴክሽን ላይ ደግሞ ጽሑፍ በእጅ አትጻፉ፣ ‹ማቴሪያል ታግ› ተጠቀሙ። ታጉ የሚያነበው ከአይደንቲቲ ላይ ነው። የጥያቄ ምልክት ካወጣ ዲስክሪፕሽኑን አልሞላችሁም ማለት ነው። እኔ እንዲያውም ይህን ለምርመራ እጠቀምበታለሁ፣ ሴክሽኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ ካርዱ ባዶ ነው።

8. ቴክኦፍ ማውጣትና ማመን አለማመን

‹ቪው›፣ ‹ስኬጁልስ›፣ ‹ማቴሪያል ቴክኦፍ›። ለግድግዳ፣ ለወለልና ለኮርኒስ ለየብቻ አውጡ፣ አንድ ላይ ካጨቃችሁት ለማንበብ ይከብዳል። የምትወስዷቸው መስኮች የማቴሪያሉ ማርክ፣ ስም፣ ዲስክሪፕሽን፣ ኤሪያ፣ ቮሊዩምና ‹አዝ ፔይንት› ናቸው። የመጨረሻው ዕቃው የተቀባ ነው ወይስ ንብርብር የሚለውን ይለያል። ስትራክቸሩ በሊንክ ከሆነና እሱም እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ በሊንክ ያሉትን አካትት የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ።

ሶርቲንግ ላይ በስም ደርድሩ፣ ‹አይተማይዝ ኤቭሪ ኢንስታንስ› የሚለውን አጥፉ፣ ፎርማቲንግ ላይ ለኤሪያ ‹ካልኩሌት ቶታልስ› ስጡ። አሁን ፊልተር ላይ ስሙ በ‹ግ-› የሚጀምር በሉት። ኮዱን ከፊት ያደረግነው ለዚህ ነው። ከዚያ ፊልተሩን አጥፉና ሙሉውን ዝርዝር እዩ፦ ኮድ የሌለው ስም ካለ አንድ ሰው ሳይነግራችሁ ያስገባው ነው። ‹ነጭ 2› የሚገኘው እዚህ ነው።

ቁጥሩን ሳታረጋግጡ አትላኩ። አንድ ክፍል በእጅ አስሉ። የእኛ 4 በ5 ክፍል ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን 18 ሲባዛ በ3፣ 54 ካሬ። በር 0.90 በ2.10 ማለት 1.89፣ መስኮት 1.50 በ1.50 ማለት 2.25። ሲቀነስ 49.86 ካሬ ሜትር። ሞዴሉ ከዚህ ጋር ከተቀራረበ ቀጥሉ። በጣም ከራቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አንድ ፊት ሳይቀባ ቀርቷል፣ ግድግዳው ከኮርኒስ በላይ እስከ ስላብ ድረስ ተቀብቷል፣ ወይም ያው ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ተስሏል።

ሞዴሉ የማያያቸው ነገሮችም አሉ። የመስኮት ጎን፣ አናትና የታች ጠርዝ ልስን አንዱ ነው። 1.50 በ1.50 መስኮት ዙሪያው 6 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲም ቢሆን 0.60 ካሬ። ትንሽ ነው አይደል? 40 መስኮት ላይ 24 ካሬ ሜትር ነው። የመለኪያ ደንባችሁ መክፈቻን እንዴት እንደሚቀንስ ውሉ ላይ አንብቡና በዚያው መጠን አስተካክሉ፣ ሬቪት ውላችሁን አያውቅም።

ብክነትንም ሞዴል ውስጥ አትቅበሩ። ወለሉ 20 ካሬ ነው፣ 60 በ60 ፖርስሊን እያንዳንዱ 0.36 ካሬ ስለሆነ 56 ፍሬ ይወስዳል። 10 በመቶ ለስብራትና ለቁርጥ ብትጨምሩ 22 ካሬ ይሆናል። ካርቶኑ ብዙ ጊዜ 4 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ስለሚይዝ 16 ካርቶን ትገዛላችሁ። ይህ ስሌት የኤክሴሉ ነው። ስኬጁሉን ከ‹ፋይል›፣ ‹ኤክስፖርት›፣ ‹ሪፖርትስ› አውጥታችሁ እዚያ ቀጥሉ።

9. ቤት ማጽዳት

ከኢንተርኔት የወረደ አንድ ሶፋ 15 ማቴሪያል ታቅፎ ሊገባ ይችላል። ፋሚሊ (እንደ ሶፋው ያለ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ዕቃ) ስታወርዱ መጀመሪያ ባዶ ፋይል ላይ ክፈቱት፣ የማያስፈልገውን አጥፉ፣ ከዚያ ወደ ፕሮጀክቱ አምጡት። ‹ማኔጅ› ላይ ‹ፐርጅ አንዩዝድ› ደግሞ ጥቅም ላይ ያልዋለውን ይጠርጋል፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስለሚጋለጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግን ኦኬ አትበሉ፣ አዘጋጅታችሁ ገና ያልተጠቀማችሁበት ው-02 አብሮ ይጠረጋል።

ጥሩ ዝርዝር ከሠራችሁ ቴምፕሌት ውስጥ አስቀምጡት። ወደ ቀድሞ ፕሮጀክት ለመውሰድ ‹ትራንስፈር ፕሮጀክት ስታንዳርድስ› አለ፣ ‹ቼክ ነን› ብላችሁ ማቴሪያልስን ብቻ ምረጡ። ተመሳሳይ ስም ሲያገኝ ላዩ ላይ ልጻፍ ወይስ አዲሶቹን ብቻ ላምጣ ብሎ ይጠይቃችኋል። ካልተማመናችሁ አዲሶቹን ብቻ በሉት።

ሬንደሩ እናንተ ጋ አምሮ ጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ግራጫ ከሆነ ምክንያቱ ምስሎቹ ናቸው። የቴክስቸር ፎቶ ሬቪት ፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም፣ አድራሻው ብቻ ነው የሚቀመጠው። ዴስክቶፓችሁ ላይ ያለ ፎቶ ለሌላ ሰው አይታይም። ሁሉንም ቴክስቸር አንድ የጋራ ፎልደር ውስጥ አድርጉና እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ኦፕሽንስ፣ ሬንደሪንግ ውስጥ ያንን መንገድ ጨምሩ።

10. ባለቤቱ ሐሳቡን ሲቀይር

ይቀይራል። ፖርስሊኑ ይቅር፣ የዳለቲ እምነ በረድ ይሁን ይላል፣ ያውም ቴክኦፉ ከወጣ በኋላ።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ሁሉም ቦታ ነው ወይስ ሳሎን ብቻ? ሁሉም ቦታ ከሆነ ያንኑ ወ-01 ክፈቱና ስሙን፣ ዲስክሪፕሽኑን፣ ፓተርኑንና አፒራንሱን እዚያው ቀይሩ። ወለሎቹ፣ ታጎቹ፣ ቴክኦፉ በራሳቸው ይከተላሉ፣ ኪ ስኬጁሉም ኮዱ ስላልተለወጠ አይነካም። ሳሎን ብቻ ከሆነ ግን ወ-01ን አትንኩ፣ ዱፕሊኬት አድርጋችሁ ወ-03 ፍጠሩ፣ አፒራንሱንም መለየት እንዳትረሱ፣ ከዚያ ለሳሎኑ አዲስ የወለል ታይፕና አዲስ የኪ ስኬጁል ረድፍ ስጡ።

ውፍረቱንም እዩ። ፖርስሊኑ 1 ሳንቲም ከነበረና እምነ በረዱ 2 ከሆነ ወይ ስክሪዱ 1 ሳንቲም ይቀንሳል ወይ ወለሉ ከኮሪደሩ ከፍ ይላል። የወለሉ ታይፕ ውስጥ ገብታችሁ ስክሪዱን ቀንሱና አጠቃላይ ውፍረቱ እንደ ድሮው መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ዛሬ ሞዴሉ ላይ ካላያችሁት፣ አናጢው የሳሎኑን በር ከሥር ሲላግ ታዩታላችሁ።